«ፈረንጅ መጣች!» ላላችሁ

«ኧረ ፈረንጅ መጣች!» አልካት አሉ፤ ከደሴ በሚኒባስ ሐረጎን ስትወርዱ፣ ከኋላ ወንበር ሆነህ። ልጅቷ መስኮቱን ተደግፋ ለብቻዋ በእንግሊዝኛ ስታወራ ሰምተሃል። እሷ ደንግጣ ዝም አለች፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ አንተም ኮምቦልቻ እስክትገባ ድረስ ፊትህ በርቶ ነበር። እሷ መልስ ስላልሰጠችህ እኔ ልስጥህ፦ መጣች አይባልም ወንድሜ፣ ልትሄድ ነው። የመጣችውማ ከደሴ አራዳ ነው፤ ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ።

ምን ታወራ እንደነበር ታውቃለህ? «ማይ ሆምታውን ኢዝ ደሴ» ብላ ጀምራ ስለ ጦሳ ተራራ ብርድ፣ ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ እናቷ ቤት ገና ላላየችው ፈታኝ እየነገረች ነበር። እንግሊዝ አገር በነርስነት ለመመዝገብ አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚወስድ ሰው በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ማምጣት አለበት። ማንበቡን፣ መጻፉንና ማዳመጡን በሯን ዘግታ ታጠናዋለች። መናገሩ፣ ስፒኪንጉ ግን አፍ ይፈልጋል፣ አፍ ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል። ጆሮ ልትሆናት ስትችል ቀንድ ሆነህ ወጋሃት።

የስፒኪንጉ ፈተና ረጅም አይደለም። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ ደሴ ተሳፍረህ ኮምቦልቻ እስክትወርድ ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ሁለት ጊዜ ያልቃል። መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሰፈር ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣሉ፤ ተፈታኟ 1 ደቂቃ አስባ እስከ 2 ደቂቃ ብቻዋን ታወራለች። በመጨረሻ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ በዚያው ርዕስ ዙሪያ ጠለቅ ያለ ውይይት አለ። ሁሉም በድምፅ ይቀዳል። ስለዚህ ከሐረጎ በላይ መጀመሪያውን ክፍል፣ ከሐረጎ በታች ካርዱን እየተለማመደች መውረዷ ነው። አንተ ያን ሁሉ መንገድ ምን ሠራህ? ሰው አሳቅክ። እሺ፣ ተሳክቶልሃል፤ አሁን እሷም ይሳካላት፣ ተዋት።

«ሰባበረችው!» ይላል ደግሞ ሌላው፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ። «እንግሊዝኛውን እኮ ድቅቅ አደረገችው!» ጌታው፣ የተሰበረው ይጠገናል፤ አንተ የራስህን እንዳይሰበርብህ ብለህ ከቆለፍክበት ስንት ዓመትህ? ስለ ስብራት ካነሳህ ደግሞ መስፈርቱን ስማ። ስፒኪንጉ የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፣ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው፤ ሳይንተባተቡ ሐሳብን አያይዞ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና የድምፅ አወጣጥ። አንተ ቀኑን ሙሉ የምታሳድደው ሰዋስው ሩቡ ብቻ ነው። «ባንድ» በሚባለው የውጤት ደረጃ 7 ያገኘ ሰው እንኳ ስህተት የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ይበዙለታል እንጂ አንዳንድ ስህተት እንደማያጣው በይፋ በታተመው መስፈርት ላይ ተጽፏል። ባንድ 6 ላይ ያለው ደግሞ በተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ሊሳሳት ይችላል፣ ስህተቱ መልእክቱን እምብዛም እስካላጠፋው ድረስ። ፈታኙ የሚያልፈውን ሻይ ቤቱ አያልፍም ማለት ነው! ታዲያ ፈታኝነት ካማረህ ሰልጥነህ ተቀጠር፤ ያለ ደመወዝ ሰው አታስጨንቅ።

«ቋንቋው የእንግሊዝ፣ ዜማው የወሎ!» ያልከው ቀልደኛም አለህ፤ አንተን በተለይ ነው የምፈልግህ። ዜማው የወሎ ቢሆንስ? አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከዚሁ ምድር ወስደው የሀገሩ ዘፋኝ ሁሉ የሚዘፍንባቸው ቅኝቶች ሆነዋል። የወሎ ዜማ ያፈረበት መድረክ ካለ ንገረኝ። አይልትስ ከአገርህ የመጣውን ቅላጼ ትተህ የለንደን ልጅ ምሰል አይልም። የሚጠይቀው አድማጩ ሳይቸገር ይረዳሃል ወይ ብሎ ነው። በአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ጊዜ ቱርካዊው መሐንዲስና የኮምቦልቻው ልጅ የሚግባቡት በምን ነበር? በእንግሊዝኛ። ሁለቱም በየራሳቸው ዜማ። ሐዲዱን ለመዘርጋት የበቃ አነጋገር ለ14 ደቂቃ ያንሳል?

ይህን ስል ግን የሚስተካከል የለም ማለቴ አይደለም፤ ለተፈታኙ ደግሞ እውነቱን ልንገረው። «እስኩል» እና «እስትሪት» እያልን ከፊት የምንጨምራትን «እ» እናውልቃት። «ዎርክድ» ለማለት «ዎርኪድ» ብለን ያለፈውን ጊዜ ሁሉ አንድ ክፍለ ቃል አናስረዝመው። በእንግሊዝኛ መርከቡና በጉ (ship እና sheep) በአንድ ድምፅ እንዳይወጡ፣ አጭሩን አሳጥረን ረጅሙን እናስረዝም። ስለ ሦስተኛ ሰው ስናወራ ከግሡ ጫፍ የምትቀረውን «ስ» እንመልሳት፤ «ሺ ወርክ» ያለ ሰው ባንዱን በትንሽ ፊደል እያፈሰሰ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛ በአማርኛ ክፍለ ቃሉን ሁሉ ተቀራራቢ ክብደት እንሰጠዋለን፣ እንግሊዝኛ ግን አንዱን መትቶ ሌላውን ያሳልፋል፤ ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» የሚያሰኘው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ኪስህ ውስጥ ነው። በስልክህ 2 ደቂቃ ተናገርና ቅዳ፣ መልሰህ ስማ፣ ያንኑ እንደገና ተናገር። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ አብሽር፣ ይለመዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ጨዋ ልጅ በሰው ፊት አይለፈልፍም» ይላሉ አንድ አባት፤ ለእሳቸው ተረብ የለኝም፣ በአክብሮት ነው የምመልሰው። አባባ፣ ልጅዎን በሚገባ አሳድገዋል። ግን ፈታኙ «ዱ ዩ ላይክ ዩር ታውን?» ሲለው «የስ» ብሎ መሬት መሬት ያያል። ጨዋነቱ ነጥብ የለውም፤ ዝምታው ግን ተቀድቷል። ለአንድ «የስ» ማን 7 ይሰጣል? «አዎ፣ እወዳታለሁ፤ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ናት፣ ሰዉም ተግባቢ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ጭጋጉ አይገፋም» ማለት አለበት። እርስዎን መድፈር አይደለም ይህ፤ የተጠየቀውን አሟልቶ መመለስ ነው። በሽምግልና ላይ እርስዎ ራስዎ አንድ ነገር ሲጠየቁ በ«አዎ» ብቻ ይመልሳሉ? ከሥሩ ጀምረው፣ ምክንያቱን አስቀምጠው፣ ምሳሌ አምጥተው ነው የሚዘልቁት። ያንን ይፍቀዱለት፣ ሌላ አልጠየቅንም።

ዝምታው ደግሞ ከቤት ብቻ አልመጣም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጁ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ በእንግሊዝኛ 2 ደቂቃ ሙሉ እንዲናገር ስንት ጊዜ ተጠየቀ? ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየክፍሉ የተሰቀለውን ፕላዝማ አስታውሱት። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ተማሪው ቢመልስ አይሰማው፣ ቢሳሳት አያርመው፣ ቢያቋርጠው አይቆምለት። አንድ ትውልድ ጆሮ የሌለው አስተማሪ ፊት ተቀምጦ አደገ። የማጠናቀቂያው ፈተናም ያው ነው፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ተወስደው ተፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑና አገሩ ሁሉ ጮኸ። የእንግሊዝኛው ፈተና ግን ያን ጊዜም ምርጫ ነበር፤ ክብ ማጥቆር። አንዲት ቃል አያናግርም። እንግዲህ እጁ ክብ ሲያጠቁር የኖረ ልጅ ድንገት አፉ እንዲሮጥ ፈልገን፣ ሲንተባተብ ሳቅንበት።

«የድሮዎቹስ? የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛ እንዴት ነበር መሰለህ!» እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ለምን እንደሆነ አብረህ አውራ። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ኢትዮጵያ መግባት ሲጀምሩ ደሴም ደርሷት ነበር። ተማሪው ሲናገር መልስ የሚሰጠው፣ ሲሳሳት የሚያርመው፣ አማርኛውን ገና የሚለምድ ሰው ከፊቱ ቆሞ ነበር። የጥንቱ ልጅ ጭንቅላቱ ስለተለየ አይደለም፤ የሚያናግረው ስላገኘ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ በዚያ ዘመን የተማሩ ከሆነ መመኪያ ብቻ አይሁኑን፤ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት የጎረቤትን ልጅ ያናግሩት። ብድሩ ያለው እርስዎ ጋ ነው።

ይህ ሁሉ ያላሳመነው ካለ ማስረጃዬን ከሩቅ አላመጣም። ከአረብ አገር የተመለሰችውን እህትህን ጠይቃት። ከደቡብ ወሎ ስንቷ ሴት ልጅ ጅዳ፣ ቤሩት፣ ዱባይ ሄዳ ሠርታለች? አብዛኛዋ አንድ ቀን የአረብኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው የሄደችው። በጥቂት ወር ውስጥ ከእመቤቲቱ ጋር ትከራከራለች፣ ከልጆቹ ጋር ትቀልዳለች፣ በስልክ ዕቃ ታዛለች። መጽሐፍ አልነበራትም፣ ባንድ አልነበራትም። የነበራት ነገር ቢኖር ከጠዋት እስከ ማታ ካልተናገረች የማያኖራት ቤት ነው። ስትሳሳት እመቤቲቱ ተቆጥታ ይሆናል፤ የሐረጎ ሚኒባስ ግን አልሳቀባትም። ያቺ ሴት ኮምቦልቻ ተመልሳ ስታወራ «አረብኛዋ ውሃ ነው» ብለህ ታደንቃታለህ። እንግዲህ ቋንቋ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምሩህ ሰዎች በየቤትህ እያሉ፣ ነርሷ ያንኑ መንገድ ስትከተል ለምን ፈረንጅ ሆነች?

አስመጪው አረብኛ ማውራቱ አዋቂነት፣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቆጣጣሪዋ ከውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገሯ እንጀራ፣ ተፈታኟ ስትለማመድ ግን ጉራ? ሚዛንህን አስተካክል አቦ!

ወሎ ውስጥ ንግግር ጠፍቶ አያውቅም። ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አንዲት እናት ሳትዘጋጅ የምታወርደውን ምርቃት ሰምተሃል? ወረቀት የላትም፣ ቃሉ ተከታትሎ ይወርዳል፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው ይያያዛል። የመንዙማ ቤቱ፣ የሰርጉ፣ የለቅሶው፣ የሽምግልናው ንግግር እንዲሁ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚሁ ከደሴ ሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። አይልትስ ሦስተኛ ክፍል ላይ የሚጠይቀው፣ አቋምህን አስቀምጥ፣ ምክንያቱን አምጣ፣ የሌላውን ወገን መዝን ነው፤ ይህን እኛ ከማንም አልተበደርነውም። የጎደለን በሌላ ቋንቋ ደጋግሞ ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ ለመለማመጃ ክፍያ የለኝም የምትል ልጅ ቡናውን ትጠቀምበት። ሁለት ሦስት ተፈታኞች ተጠሩና በአቦሉ አጫጭር ጥያቄ ተጠያየቁ፣ በቶናው እያንዳንዳችሁ ካርድ አንስታችሁ 2 ደቂቃ አውሩ፣ በበረካው ተከራከሩ። ስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ ይቀዳልም። እማማ አይገባቸውም ብላችሁ አታፍሩ፤ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደፈራ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሲጨርሱ ይመርቋችኋል፣ ያም በአማርኛ ይሁን፣ ለአላህም ለእግዜርም ይገባል።

«እዚህ ምን የሚወራ አለና!» ያልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ካርዱን የፈራሽው። እንዴት የሚወራ ይጠፋል? ካርዱ ውሃ ያለበት ቦታ ግለጪ ቢልሽ ሐይቅ አለልሽ፤ ከደሴ በስተሰሜን ወጣ ብለሽ የምታገኚው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ታሪካዊ ሕንፃ ካለሽ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ደሴ ቆሟል። ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ካለሽ ሰኞ ገበያ። በቅርቡ የተለወጠ አካባቢ ካለሽ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚጎርፈው ወጣት። ከባድ ጊዜ ያለፍሽበትን ተናገሪ ካለሽ፣ እሱንስ ማን ያስተምርሻል? በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ሲይዝ የት እንደነበርሽ፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ተመልሰሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ግቢዎች ተዘርፈው ስታገኚ ምን እንደተሰማሽ ታውቂዋለሽ። ሕመሙን ማውራት የማትፈልጊ ከሆነ ሌላ ምረጪ፤ ፈታኙ እውነትሽን አይመዝንም፣ አነጋገርሽን እንጂ። ያላየሽውን አየሁ ብትይም ነጥብ አይቀንስብሽም። ግን ያየሽው ነገር ራሱ ቃል ይዞ ይመጣል፤ እኔ እመክርሻለሁ፣ በደጅሽ ያለውን አውሪ። በዚያች 1 ደቂቃ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፣ አያልቅልሽም። የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ብለሽ አራት ቃል ጣል አድርጊና ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገሪ።

«ለምን ትደክማለች? በቴሌግራም መልሱ ተሠርቶ አለ፣ ሸምድዳ ትግባ!» ያልከው መካሪ፣ አንተ ከሳቂውም ትብሳለህ። ሳቂው ዝም አሰኛት፤ አንተ የሰው አፍ ልታውሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግር የሚውል ፈታኝ የተሸመደደ ንግግር ሲሰማ ያውቀዋል። ድምፁ ይለወጣል፣ ዓይን ጣሪያ ይፈልጋል፣ ፍጥነቱ እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋሚ ይሆናል። ከዚያ አንዲት ያልታሰበች ጥያቄ ጣል ሲያደርግ፣ እስካሁን በባንድ 7 ቃላት ሲያሸበርቅ የነበረው ሰው «አይ ሊቭ ኢን ደሴ» ለማለት ያቅተዋል። ያ ክፍተት ነው የሚያጋልጠው። ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት የተጻፈ መልስ ተሸክሞ የገባ የኩታበር ልጅ ስለ ኩታበር ሲጠየቅ ምን ይላል? ቃላት አጥና፣ እሰየው፤ ጥሩ ተናጋሪ ስማ፣ እሰየው፤ የሰውን ሕይወት ግን አትሸምድድ።

ፈታኙን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፣ ተፈትነው የመጡት ሁሉ የሚያማርሩት እሱን ነውና። «ፊቱ አይፈታም፣ ጠልቶኛል።» አልጠላህም፤ ሥራው ነው፣ ደስታም ቅያሜም እንዳያሳይ ተነግሮታል። «ሳልጨርስ አቋረጠኝ።» ሰዓቱ ደርሶ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ደግሞ የሚያወራ ሰው ነው። «ጥያቄው አልገባኝም፣ ዝም አልኩ።» ለምን ዝም? «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊስ?» ማለት ነውር የለውም፤ ሳይገባ ከመቀባጠር ይሻላል።

«ታዲያ ቤቷ ቁጭ ብላ በዱዎሊንጎ አትፈተንም? አይልትስ ለመፈተን አዲስ አበባ ድረስ ምን አስሮጣት?» ይህን የጠየቀው ሰው ቀና ልብ አለው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። ዱዎሊንጎ በእርግጥ ከቤት ይሰጣል፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲም ይቀበለዋል፤ የነርሶቹ ምዝገባ ግን የሚቀበለውን ፈተና ራሱ ይመርጣል። ለትምህርት የሚፈልገው ሰውስ? ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፤ ካርዱ የሌለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለምናል። ከዚያ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታውቅ ደሴ፣ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ምን ይሰማታል? ማመልከቻ ለመላክ ዋይፋይ ያለበትን ሆቴል ደጅ የጠኑ ልጆች ነበሩን። መብራቱ አለ፤ እሱም እንደፈቀደው ነው። በዚያ ላይ ፈተናው ብቻህን ሁን፣ ሰው አይግባ፣ ከስክሪኑ ዓይንህን አታንሳ ይላል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጎረቤት «ቡና ጠጡ!» ለማለት በር አያንኳኳም። ስለዚህ የምትፈተን ልጅ ካለች፣ እትዬ፣ ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ በሯን አይክፈቱባት፤ ፈተናውን ስትጨርስ ለቡናው ትመጣለች።

አዲስ አበባ መሄዱም ቀላል እንዳይመስልህ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በከሚሴ፣ በደብረ ሲና፣ በጣርማበር ዞሮ። መንገዱ የተዘጋባቸውን ቀናት ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ነው፣ ለቻለ። የአዲስ አበባ ተፈታኝ ከቤቱ ቁርሱን በልቶ ሲገባ፣ የእኛው ልጅ አልጋ ይዞ፣ አዳር ከፍሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው ፈታኙ ፊት የሚቀመጠው። ብሩ በገበያ መወሰን ከጀመረ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነገር ሁሉ ብዙ ብር ጠይቋል። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚሄድ ሰው ደሴ ላይ በነፃ ሊለማመድ ሲነሳ አፉን የምናዘጋው ምን ቆርጦን ነው? ፈተናውን እዚህ አምጥቶ መስጠት ለሚችሉትም ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ስፒኪንግ በቪዲዮ ጥሪ በሚሰጥበት ዘመን ደቡብ ወሎን የሚያህል ዞን፣ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሆስፒታል ያለው፣ ለምን 400 ኪሎ ሜትር ይሮጣል?

«አገር ጥላ ልትሄድ ነው እኮ፣ ለዚህ ነው የሚተረባት።» ይኸኛው ተረብ አይደለም፣ ክስ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንነጋገር። አንደኛ፣ የሚፈተን ሁሉ አይሄድም። ለስኮላርሺፕ ተፈትኖ ተምሮ የተመለሰ መምህር አለን። ሁለተኛ፣ ከዚሁ ዞን ስንቱ ልጅ ነው በጅቡቲ አድርጎ፣ በኦቦክ በኩል በጀልባ ባሕር ሊያቋርጥ የሄደው? ስንት ቤት ነው እስካሁን ስልክ የሚጠብቀው? ልጅቱ ፓስፖርቷን ይዛ፣ ተመዝና፣ ነርስ ተብላ፣ በስሟ ውል ፈርማ በአውሮፕላን ልትሄድ ስትሰናዳ የሳቅክ ሰው፣ ያኛው ልጅ ለደላላ ብር ሲሰጥ ለምን ዝም አልክ? እኔ ሁለቱም እዚሁ ሠርተው ቢኖሩ ነው የምወደው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። መሄዱ ካልቀረ ግን በበሩ ይሂዱ። በሩ ደግሞ ቋንቋ ይጠይቃል።

አሁንም የቀረችህን አንዲት ተረብ አውቃታለሁ። ውጤቱ ሲመጣ የምትመዛት ናት፦ «ሄዳ ሄዳ ወደቀች አሉ!»

አልወደቀችም። አይልትስ ማለፍ መውደቅ የሚባል ነገር የለውም። ከ0 እስከ 9 ቁጥር ነው የሚሰጥህ፣ ግማሽ ግማሽ እየጨመረ፤ ስንት ይበቃል የሚለውን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። በስፒኪንግ 6.5 ያመጣችው ልጅ ለእንግሊዝ የነርሶች ምዝገባ ግማሽ ነጥብ ጎደላት፤ የካናዳው የሠለጠነ ሠራተኛ መርሐ ግብር ግን በእያንዳንዱ ክፍል በትንሹ የሚጠይቀው 6 ነው፣ በዚያ ቁጥር ቢለካ 6.5 አልፎ ይተርፋል። ውጤቷ ለ2 ዓመት ይጸናል። ግማሿን ነጥብ ደግሞ ታመጣታለች፤ ሰኞ ጠዋት ከአዳር ወጥታ ሐረጎን ስትወርድ ታገኛታለህ። ከኋላ ወንበር መቀመጥህን ተውና ከጎኗ ተቀመጥ፤ «ዌር ዱ ዩ ወርክ?» ብለህ ጠይቃት፤ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ትመልስልሃለች።